«አለርጂ አለበት» ተብለው ከኩፍኝ ክትባት ስለሚመለሱ ሕፃናት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን ጤና ቢሮ የክትባት አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ አስም፣ ችፌና የምግብ አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት ያለ ስፔሻሊስት ወረቀት የኩፍኝ ክትባት እንዳያገኙ የሚያዝዘው ደብዳቤ እንዲሻር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊና ባለሙያዎች፣

በዚህ ዓመት ለሁሉም ጤና ጣቢያዎች የላካችሁት ደብዳቤ «የአለርጂ፣ የአስም ወይም የችፌ ታሪክ ያለው ማንኛውም ሕፃን ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ከመውሰዱ በፊት ከስፔሻሊስት ሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫ ያቅርብ» ይላል። ምክንያቱን በአንድ መስመር አስቀምጧል፤ «ሕያው ክትባት የአለርጂን ምላሽ ሊያባብስ ስለሚችል»። ይህ መስመር በተግባር ያመጣውን እኛ በየቀኑ እናያለን። ክትባቱን የምንበጠብጠው፣ የምንወጋው፣ ካርዱን የምንሞላው እኛ ነን፤ ከመካከላችን የአስም ሕፃናትን የምንከታተልም አለን። ደብዳቤው እንዲሻር የምንጠይቅበትን ምክንያት ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፣ ደብዳቤው የፈጠረውን ምልልስ ተመልከቱልን። የ9 ወር ሕፃን ለመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ይመጣል። ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት። «አለርጂ አለበት?» ሲባል እናቱ «እንቁላል ሲቀምስ አፉ ዙሪያ ይቀላል» ትላለች። በቃ፣ ሪፈር ይጻፍለታል። የስፔሻሊስት ቀጠሮ የሚገኘው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሐኪሙ ሕፃኑን አይቶ «መከተብ ይችላል» የሚል አንዲት መስመር ይጽፋል። ሌላ የሚጽፈው የለም፤ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ። እናትየው ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ በዕለቱ ለኩፍኝ የመጣ ሌላ ሕፃን ከሌለ ብልቃጡ አይከፈትም። አንዱ ብልቃጥ የ10 ሕፃን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፣ የዕለቱ ሥራ ቀድሞ ካበቃም ያኔውኑ ይደፋል። ብክነቱ ሪፖርት ላይ እንዳይታይ «ሐሙስ ተመለሺ» ትባላለች። እንዲህ እየተባለ በ9 ወሩ መከተብ የነበረበት ልጅ 15 ወር ይሞላዋል። ሁለተኛውን ዶዝ በሚወስድበት ዕድሜ የመጀመሪያውን እንኳ አላገኘም። ከሁለተኛው ምልልስ በኋላ የማይመለሱ እናቶችም አሉ። አይወቀሱም፤ የቀን ሥራቸውን ትተው ነው የሚመላለሱት።

በእነዚህ ወራት ልጁ ባዶ እጁን ነው። ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በ9 ወሩ አብዛኛው አልቋል። ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል፤ የታመመው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች ከታመመው ጋር ቢቀራረቡ 9ኙ ይያዛሉ። ታዲያ ያልተከተበን ሕፃን ለአንዲት መስመር ወረቀት ሲሉ የሚያስሉና የሚያተኩሱ ሕፃናት በታጨቁበት የሆስፒታል ኮሪደር ለሰዓታት ማስጠበቅ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ለዚህ አደጋ የሚጋለጠውም አስመኛው ልጅ ነው። ኩፍኝ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው በሳንባ ምች በኩል መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤው በሽታ አምጪውን ቫይረስ ከክትባቱ ቫይረስ ጋር አምታቷል። አለርጂን የሚያባብሱ ቫይረሶች አሉ፤ እነማን እንደሆኑም ይታወቃል። ዋናው ተራው የጉንፋን ቫይረስ፣ ራይኖቫይረስ ነው። ሁለተኛው በጨቅላዎች ላይ የሚበረታው አርኤስቪ የተባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ነው። በ1995 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ከ9 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን አስመኛ ተማሪዎች ተከታትሎ፣ ትንፋሻቸው ከተባባሰባቸው ጊዜያት ከ10 በ8ቱ ያህል ቫይረስ አግኝቷል፤ ከቫይረሶቹም የሚበዛው ራይኖቫይረስ ነበር። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ልጆችን ከልደት ጀምሮ የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ራይኖቫይረስ ይዟቸው ደረታቸው ሲር ሲር ያለ ልጆች 6 ዓመት ሲሞላቸው አስም የመያዝ ዕድላቸው በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ቫይረሱ አስሙን ይፍጠረው ወይስ ለአስም የተዘጋጀውን ደረት ቀድሞ ያጋልጠው፣ ክርክሩ አልተዘጋም። መያያዛቸው ግን አያከራክርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ሲጎዳ፣ የተጎዱት ሴሎች ኢንተርሉኪን-33 እና ቲኤስኤልፒ የተባሉ የማስጠንቀቂያ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። እነዚህ የአለርጂውን ጎራ ይቀሰቅሳሉ፤ ኢዮሲኖፊል የተባሉ የአለርጂ ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ፣ አክታው ይወፍራል፣ የቧንቧው ጡንቻ ይጨመደዳል። በሌላ በኩል ቫይረስን የሚያዳክመው ኢንተርፌሮን ነው፤ ኢንተርፌሮን በሚያመርቱት ነጭ የደም ሴሎች ላይ አይጂኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ-እንግዳ አካል ሲበዛ ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አለርጂ ያለበት ልጅ ተራውን ጉንፋን በቶሎ መግታት ያቅተዋል፣ ጉንፋኑም በተራው አለርጂውን ያቀጣጥለዋል። አይጂኢን የሚያስር ኦማሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸው አስመኛ ልጆች በጉንፋን ወቅት የሚመጣው መባባስ የቀነሰላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል።

የኩፍኝ ክትባት ይህን አያደርግም። 0.5 ሚሊ ሊትር ሆኖ በቆዳ ሥር ይወጋል፤ ቫይረሱ የተዳከመ ነው፤ የአየር ቧንቧን ሽፋን እንደ ራይኖቫይረስ አያፈርስም። በዴንማርክ ከ800 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና በ2008 የታተመ ጥናት፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት የወሰዱት በአስም ምክንያት ሆስፒታል መተኛታቸው ካልወሰዱት ያነሰ እንጂ የበዛ እንዳልሆነ አግኝቷል። ክትባቱ ከአስም ይከላከላል ለማለት አንጠቅሰውም፤ የሚከተቡና የማይከተቡ ቤተሰቦች በሌላም በብዙ ነገር ይለያያሉ። ያባብሳል የሚለውን ግን አይደግፍም።

ደብዳቤውን ያረቀቁት ባለሙያዎች «ቫይረሱ የበሽታ መከላከያውን ያናጋል» የሚል ነገር አንብበው ከሆነ፣ ንባቡ ትክክል ሆኖ የተፈረደበት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። «አለርጂ» የሚለውን ቃል በ1906 የፈጠረው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ራሱ፣ በ1908 አንድ ነገር አስተውሎ ጽፏል፤ ቀድሞ በቲቢ የቆዳ ምርመራ ላይ ክንዳቸው ያብጥ የነበሩ ሕፃናት ኩፍኝ ሲይዛቸው እብጠቱ ይጠፋል። ኩፍኝ የመከላከያ ሥርዓቱን ማስታወሻ ይፍቃል። በ2019 በሆላንድ ያልተከተቡ 77 ሕፃናትን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ያነጻጸረ ጥናት፣ ለሌሎች ጀርሞች ከነበራቸው የፀረ-እንግዳ አካል ክምችት ከ11 እስከ 73 በመቶው እንደጠፋ አሳይቷል። በተከተቡት ላይ ይህ መጥፋት አልታየም። ክትባቱ የሚያደርገው ቢኖር የቲቢውን የቆዳ ምርመራ ምላሽ ለጊዜው ማደብዘዝ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ከክትባቱ ጋር በአንድ ቀን ይሠራል፣ ካልሆነም ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆያል። በደብዳቤያችሁ ውስጥ ልናገኘው ይገባ የነበረ፣ ግን የሌለ መመሪያ ይህ ነው።

መከላከያውን ወደ አለርጂው አቅጣጫ ያጋደለ የኩፍኝ ክትባት በታሪክ አለ፤ ሕያው ግን አልነበረም። ከ1963 እስከ 1967 በአሜሪካ የተሰጠው በፎርማሊን የተገደለው ክትባት ነው። እሱን የወሰዱ ልጆች ቆይተው እውነተኛው ኩፍኝ ሲያገኛቸው ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከእጅና ከእግር የሚጀምር ያልተለመደ ሽፍታና የሳንባ ምች ያዛቸው። በ1966 እና 1967 በተመሳሳይ መንገድ የተሠራው የአርኤስቪ ክትባት ሙከራም የባሰ ሕመም አስከትሎ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። ሁለቱም ቀርተዋል። በእጃችን ያለው ሕያው ክትባት ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ያ ታሪክ ነው። ደብዳቤያችሁ ግን «ሕያው» የሚለውን ቃል ራሱን እንደ ጥፋት ቆጥሮታል።

እግረ መንገዳችንን ከወላጆች ስለምንሰማው ሌላ ነገር እንናገር። «ኩፍኝ ቢወጣለት አለርጂው ይለቀው ነበር» የሚሉን አሉ፤ ደብዳቤያችሁ ደግሞ ሳያስበው ይህን አባባል አጠናክሮታል። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1996 በጊኒ ቢሳው በወጣቶች ላይ የታተመ ጥናት፣ ኩፍኝ ከታመሙት በቆዳ ምርመራ አለርጂ የታየባቸው 12.8 በመቶ፣ ከተከተቡትና ካልታመሙት ግን 25.6 በመቶ መሆኑን ዘግቧል። ነገር ግን ሊመረመሩ የቻሉት ከኩፍኝ የተረፉት ብቻ ናቸው። በ2000 ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያየ የፊንላንድ ጥናት ተቃራኒውን አገኘ፤ ኩፍኝ የታመሙት ዘንድ አለርጂው በዛ። በቲቢ ክትባቱ በቢሲጂም ላይ እንዲሁ ነው፤ አለርጂን ይቀንሳል የሚለው ተስፋ ትልቅ ነበር፣ በዴንማርክ ከ4,000 በላይ ጨቅላዎች ላይ ሲፈተን ግን በችፌ ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ ሆነ። በአገራችንም በ1990ዎቹ በጅማ በተሠራው ጥናት ሲር ሲር የሚለው ደረት ከገጠር ይልቅ በከተማ በዝቶ ሳለ፣ ለአቧራ ተባይ የሚሰጠው የቆዳ ምላሽ ግን በገጠር በልጦ ተገኝቷል። ይህን ያህል የተወሳሰበን ነገር ወስዶ ለአንድ ሕፃን ክትባት መከልከያ ማድረግ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ እንቁላል። ከሪፈሮቹ የሚበዙት በዚህ ምክንያት የሚጻፉ ናቸው፤ መሠረት የሌላቸውም እነሱ ናቸው። የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ እንደ ዝርያው በተለያየ ሴል ላይ ይራባል። ሽዋርዝ የሚባለው ዝርያ በጫጩት ሽል ሴል ላይ ስለሚያድግ የሚቀረው የእንቁላል ፕሮቲን ከቁብ የማይገባ ነው፤ ከባድ የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆችም ያለ ቅድመ ምርመራ በሙሉ ዶዝ ይከተባሉ። ኤድመንስተን-ዛግሬብ የሚባለው ዝርያ ደግሞ በሰው ሴል ላይ ስለሚራባ የእንቁላል ጉዳይ ጭራሽ አይነሳበትም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ ከብልቃጡ ጋር በሳጥኑ የሚመጣውን ወረቀት ማንበብ ይበቃል። በመጋዘን ርክክብ ጊዜ ያ ወረቀት ከሳጥኑ ጋር እየተጣለ ብልቃጡ ብቻ ይደርሰናል። እናንተ ልታስተካክሉት የምትችሉት ቀላል ነገር ነው።

ለእንቁላል በእርግጥ መጠንቀቅ ያለብን በቢጫ ወባ ክትባት ላይ ነው። እሱ በቀጥታ በእንቁላል ውስጥ ስለሚመረት ፕሮቲኑ ይበዛል። እንቁላል በልቶ መላ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ለጉዞም ይሁን ለወረርሽኝ ሲመጣ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ እዚያ የቆዳ ምርመራ ተደርጎለት፣ ምላሹ ከታየና ክትባቱ የግድ ከሆነ በየ15 እና 20 ደቂቃው እየተከፋፈለ ሊሰጠው ይችላል። ደብዳቤያችሁ ግን ሁለቱን ክትባቶች አይለይም።

የኩፍኝ ክትባት ውስጥ አለርጂ ሊያስነሱ የሚችሉት ሌሎች ናቸው፤ ክትባቱ እንዳይበላሽ የሚያረጋጋው ጄላቲንና በጥቂቱ የሚቀረው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ኒዮማይሲን። በ1990ዎቹ በጃፓን ከኩፍኝና መሰል ክትባቶች በኋላ የታዩት ከባድ የአለርጂ ምላሾች ሲመረመሩ፣ ከብዙዎቹ ጀርባ የተገኘው ለጄላቲን የተሠራ አይጂኢ ነበር፤ አምራቾቹ ጄላቲኑን ሲያወጡ ወይም ሲለውጡ ምላሾቹ ቀነሱ። ስለዚህ ለእናት የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ «እንቁላል ይበላል ወይ?» አይደለም። ጄሊ ወይም ለስላሳ ከረሜላ በልቶ በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ያውቃል ወይ? ነው። ኒዮማይሲን ያለበት ቅባት ተቀብቶ ቆዳው የተላጠ ልጅም አይከለከልም፤ የሚከለክለው በመድኃኒቱ ትንፋሽ አጥሮት ወይም ራሱን ስቶ ከነበረ ነው።

አራተኛ፣ በካርድ ላይ የሚጻፈው «የክትባት አለርጂ»። ይህን ጠጋ ብለን እናሳያችሁ። ሕፃኑ ሰኞ ተከተበ እንበል። በሳምንቱ ማክሰኞ ያተኩሰዋል፣ ረቡዕ ፊቱና ደረቱ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣል፣ ዓርብ ይጠፋል። ሽፍታው አያሳክክም፤ ሕፃኑም ይጫወታል። ይህ የተዳከመው ቫይረስ በሰውነቱ ውስጥ በመራባቱ የሚመጣ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን የሚታይ ምልክት ነው፤ ከ100 ሕፃናት በ5ቱ ገደማ ላይ ይወጣል። አለርጂ አይደለም። እውነተኛው ከባድ አለርጂ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ቆዳው እንደ ሳማ የነካው ያብጣል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ሕፃኑ ያስመልሳል ወይም ይዝላል። ድግግሞሹም ከ1 ሚሊዮን ዶዝ 1 ገደማ ነው። ሆኖም የ9ኛው ቀን ሽፍታ በካርዱ ላይ «አለርጂ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ በአዲሱ ደብዳቤ መሠረት ልጁ ሁለተኛውን ዶዝ ያጣል።

ቫይረስ ራሱ አለርጂ የሚመስል ነገር እንደሚያመጣም አትርሱ። በሕፃናት ላይ ድንገት የሚወጣው የሚያሳክክ እብጠት ብዙውን ጊዜ መነሻው ተራ የቫይረስ ሕመም ነው። ጉንፋን የያዘው ልጅ አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል፣ ሽፍታ ይወጣበታል፣ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ይመዘገባል። እንዲህ የተመዘገቡ ልጆች በሐኪም ፊት መድኃኒቱን በድጋሚ ሲወስዱ ከ10 ከ9ኙ በላይ ምንም አይሆኑም። በደብዳቤያችሁ ግን ይህም «የአለርጂ ታሪክ» ሆኖ ሕፃኑን ከኩፍኝ ክትባት ያግደዋል፤ በክትባቱ ውስጥ ፔኒሲሊን ጨርሶ ሳይኖር።

ደብዳቤው የወጣው በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ሕፃን በተከተበ ማግስት ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል በመግባቱ እንደሆነ ሰምተናል። እውነት ከሆነ፣ የተወጋበት ሰዓትና ትንፋሹ ማጠር የጀመረበት ሰዓት ተመዝግቧል? ከመከተቡ በፊት ንፍጥና ሳል ነበረው? ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር? ከ20 ሰዓት በኋላ የመጣ ሲርሲርታ ከክትባቱ ይልቅ ራይኖቫይረስን ያስጠረጥራል። ከክትባት በኋላ ለሚከሰት የጤና ችግር የምንሞላው ቅጽ ላይ ሰዓቱ ባዶ እየታለፈ፣ የአንድ ሕፃን ጉዳይ ለመላው ከተማ ሕግ ሆኗል።

አምስተኛ፣ በብዛት ሲወሰዱ የመከላከያ አቅምን የሚያዳክሙት የስቴሮይድ መድኃኒቶች። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ተገቢ ነበር፣ ደብዳቤው ግን አንድ ቃል የለውም። አስመኛ ልጅ በየቀኑ የሚስበው ቤክሎሜታዞን ፓፍ ከክትባት አይከለክልም። ለችፌ የሚቀባው ሃይድሮኮርቲዞን አይከለክልም። ትንፋሹ ሲባባስ ከ3 እስከ 5 ቀን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎንም አይከለክልም፤ ኮርሱ ሲያልቅ ይከተባል። የሚከለክለው በቀን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም በቀን በድምሩ 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለ14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መድኃኒቱን ካቆመ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቃል። አሁን የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ፓፍ የያዘው ይመለሳል፣ ለኩላሊት ሕመም ወር ሙሉ ፕሬድኒሶሎን የሚውጠው ግን «አለርጂ የለበትም» ተብሎ ያለ ጥያቄ ይከተባል።

ስለ ችፌ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እንገምታለን። የፈንጣጣ ክትባት በሚሰጥበት ዘመን ችፌ ያለበት ሰው አይከተብም ነበር፤ ሕያው የክትባት ቫይረሱ በተጎዳው ቆዳ ላይ ተስፋፍቶ እስከ ሞት ያደርስ ስለነበር። ያ እገዳ ትክክል ነበር። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1976 ነው፤ ክትባቱም ከበሽታው ጋር አብሮ ቀርቷል። የኩፍኝ ቫይረስ ዘመዱ አይደለም፣ በችፌ ላይም እንዲያ አይስፋፋም። ለችፌ ሕፃን ማድረግ ያለብን መርፌውን ከቆሰለው ቆዳ አርቆ ንጹሕ ቦታ ላይ መውጋት ብቻ ነው።

ስድስተኛውና በጣም የሚያስቆጨን፣ ደብዳቤው ለአለርጂ ይህን ያህል እየተጨነቀ አለርጂ በእርግጥ ቢመጣ የምናክምበትን አለማቅረቡ ነው። ለ8 ኪሎ ሕፃን የሚያስፈልገው አድሬናሊን በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ተሰልቶ 0.08 ሚሊ ግራም ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው አምፑል 0.08 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በክትባት ክፍላችን ያለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ የእሱ ትንሿ መስመር 0.2 ሚሊ ሊትር ናት። በእሱ የሚለካ ሰው ወይ እጥፍ ድርብ ይሰጣል፣ ወይ ፈርቶ ይተወዋል። የኢንሱሊን ስሪንጅ መስመሩ ይበቃል፣ 8 ዩኒት ላይ ይሳባል፤ መርፌው ግን አጭር ስለሆነ ጡንቻ ላይ ላይደርስ ይችላል። የሚያስፈልገን ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከ25 ሚሊ ሜትር መርፌ ጋር ነው፤ ጭኑ ላይ ከፊት ወደ ውጭ ባለው ጎን ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አምፑሎቹ መስኮት ሥር በተቀመጠ ትሪ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ቡናማ ሆነው ያገኘንበት ጊዜ አለ፤ ቀለሙ የተለወጠ አድሬናሊን አይሰጥም። በትሪው ላይ የማይጠፋው ሃይድሮኮርቲዞን ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ትንፋሹ የተዘጋን ሕፃን አያተርፍም።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙ እንጠይቃለን።

ደብዳቤው በጽሑፍ ይሻር። አስም፣ ችፌ፣ የእንቁላልና የሌላ ምግብ አለርጂ፣ የፔኒሲሊን አለርጂና የቤተሰብ አለርጂ ታሪክ የኩፍኝ ክትባትን እንደማይከለክሉ በስም ተዘርዝረው ለሁሉም ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ይገለጽ።

በምትኩ ለእናቶች የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ተጽፈው በየክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፦ ልጁ ከዚህ በፊት በተከተበ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መላ ሰውነቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ወይም ራሱን ስቶ ነበር? ከጄላቲን ወይም ከኒዮማይሲን በኋላ ይህ ደርሶበት ያውቃል? ከላይ በጠቀስነው መጠን ለ14 ቀንና ከዚያ በላይ ስቴሮይድ እየወሰደ ነው ወይስ ሌላ የመከላከያ አቅሙን በጣም ያዳከመ ሕመም አለበት? ለአንዱ «አዎ» ያለች እናት ብቻ ሪፈር ይጻፍላት፤ እሷም በሳምንት ውስጥ የምትታይበት መንገድ ይመቻች።

ለአንድ ሕፃንም ቢሆን የኩፍኝ ብልቃጥ እንዲከፈት ይፈቀድ፤ በዚህ ምክንያት የሚመዘገብ ብክነት ጤና ጣቢያውን አያስጠይቅ።

እስካሁን በአለርጂ ምክንያት የተመለሱት ሕፃናት ከመዝገብና ከሪፈር ቅጂዎች ተለቅመው፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ቤታቸው ድረስ ይጠሩ። የመጀመሪያው ያለፈው ዛሬውኑ ይውሰድ፣ ሁለተኛውን ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ። ካርዳቸው ላይ «አለርጂ» የተጻፈባቸው የሽፍታው ቀን ተጠይቆ ይታረም።

ለየክትባት ክፍሉ በጨለማ ሳጥን የሚቀመጥ፣ ማብቂያ ቀኑ በየወሩ የሚታይ ቢያንስ 3 አምፑል አድሬናሊን፣ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከተገቢው መርፌ ጋርና በኪሎ የተሠላ የመጠን ሠንጠረዥ ይቅረብ። የተከተበ ሁሉ 15 ደቂቃ፣ ከባድ አለርጂ የነበረበት 30 ደቂቃ ተቀምጦ እንዲታይ አግዳሚ ወንበር ይመደብ። የክትባት ሳጥኑ መግለጫ ወረቀትም ከብልቃጡ ጋር ይድረሰን።

ከክትባት በኋላ የሚከሰት ችግር የሚመዘገብበት ቅጽ የተወጋበትን ሰዓትና ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ሳይዝ ተቀባይነት አያግኝ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ሦስቱን ጥያቄዎችና የአድሬናሊን ሠንጠረዡን ለማርቀቅ ከክፍላችሁ ጋር ለመቀመጥ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

በከተማው ጤና ጣቢያዎች የክትባት ክፍል ነርሶች
የሕፃናት አስምና ችፌ ክትትል ክፍል ጤና መኮንኖች
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች
ለክትባት መጋዘንና ሥርጭት ክፍል